በቤተ ሙከራ የበቀለ የዓይን ሕዋስ ለወንድሜ ይደርስለት ይሆን?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሽ አያይም ነበር፤ አሁን በቀንም ከጎኑ የሚመጣውን ማየት እያቃተው ነው። ሐኪሞች ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ነው፣ መድኃኒት የለውም ብለውናል። ከስቴም ሴል አዲስ የዓይን ሕዋስ መሥራት ተችሏል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ለእሱስ መቼ ይደርሳል? ስቴም ሴል በመርፌ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ ክሊኒክ አለ፤ ገንዘብ አጠራቅመን እዚያ ብንወስደውስ? ካስፈለገስ የእኔን የዓይን ሕዋስ መስጠት እችላለሁ?»

የመጨረሻውን ጥያቄዎን ለመጨረሻ ላቆየውና በሚያስቸኩለው ልጀምር። ወደ ክሊኒኩ አትውሰዱት። ምክንያቱን ወደ ታች በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ቀጠሮ ይዛችሁ ከሆነ ግን ሌላውን ሳያነቡ በፊት ቀጠሮውን ይሰርዙት።

ሰማሁ ያሉት ነገር እውነት ነው። ብርሃን የሚቀበሉ የሰው ዓይን ሕዋሳትን ከግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ብዙ ሰው ስቴም ሴል ከሚለው፣ በቤተ ሙከራ ማብቀል ይቻላል። የበቀሉት ሕዋሳት ብርሃን ሲያርፍባቸው ምላሽ ይሰጣሉ። ይህ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሕልም ነበር። ወንድምዎን ከዚህ ሕክምና የለየው ሕዋሱን የማብቀሉ ችግር አይደለም፤ የበቀለውን ሕዋስ የታመመ ዓይን ውስጥ አስገብቶ ከነባሩ ጋር የማገናኘቱ ችግር ነው። ዜናው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን አብሥሮ ሁለተኛውን ሳያነሳ ያልፋል። ስለዚህ አብዛኛውን ምላሼን የማውለው በሁለተኛው ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ ምን እንደ ጎደለ እንይ። ሬቲና የዓይን ኳስን የኋላ ክፍል ከውስጥ የሚያለብስ፣ ከግማሽ ሚሊሜትር የሳሳ ሽፋን ነው። ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ በቅርጻቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። ዘንግ መሳዮቹ በአንድ ዓይን 120 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ፤ ለድንግዝግዝና ለጨለማ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ዘንግ አንዲት የብርሃን ቅንጣት እንኳ ብታርፍበት ያውቃታል። ሾጣጣ መሳዮቹ 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ቀለም የምንለየው፣ የምናነበው፣ የሰው ፊት የምናውቀው በእነሱ ነው። ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚገድለው ዘንጎቹን ነው። ወንድምዎ በልጅነቱ ዳፍንት የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ዘንጎቹ ከሬቲናው ዳር ዳር እየሳሱ ሲመጡ የጎን እይታው ጠበበ። ቀጥሎ ሾጣጦቹ ይደክማሉ። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ዘረ-መል ሾጣጦቹን በቀጥታ የሚነካ እንኳ አይደለም፤ ዘንጎቹ ጎረቤቶቻቸውን የሚያኖር ፕሮቲን ያመነጩ ነበርና እነሱ ሲያልቁ ሾጣጦቹ ያለ ቀለብ ይቀራሉ።

ከብርሃን ተቀባዮቹ ቀጥለው ያሉት ሕዋሳት ግን ለረጅም ጊዜ በሕይወት ይቆያሉ። ባይፖላር የሚባሉት ከብርሃን ተቀባዮቹ መልእክት ይቀበላሉ፤ ጋንግሊዮን የሚባሉት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክር ባለው የዓይን ነርቭ አማካይነት መልእክቱን ወደ አንጎል ይልካሉ። ሕክምናው የሚታሰበውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የጠፋው የመጀመሪያው ተቀባይ እንጂ መላው መስመር አይደለም። ግላኮማ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚሞቱት ጋንግሊዮን ሕዋሳቱ ናቸው፤ እነሱን መተካት ማለት ከዓይን እስከ አንጎል የሚደርስ ክር እንደ ገና ማብቀል ነው። ስለዚህ አንድ ክሊኒክ ግላኮማንም፣ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳንም፣ የማኩላ (የሬቲናው ማእከል) እርጅናንም በአንድ ዓይነት መርፌ አድናለሁ ሲል ከሰሙ፣ የበሽታዎቹን ልዩነት አያውቅም ወይም አውቆ እየዋሸ ነው።

አሁን ወደ ሕዋሱ። በ1998 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ጄምስ ቶምሰንና ባልደረቦቹ ከሰው ጽንስ የመጀመሪያ ቀናት ግንደ ሕዋስ ለይተው በቤተ ሙከራ ማቆየት ቻሉ። እነዚህ ሕዋሳት ወደ ማንኛውም የአካል ሕዋስ ሊለወጡ የሚችሉ ናቸው። በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአይጥ ተራ ሕዋስ ውስጥ አራት ዘረ-መሎችን በማስገባት ሕዋሱን ወደዚያ ጥንተ-ሁኔታው መለሰው፤ በሚቀጥለው ዓመት በሰው ሕዋስ ደገመው። በ2012 ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ያሰጠው ይህ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ከአዋቂ ሰው ቆዳ ወይም ደም በተወሰደ ሕዋስ የዚያኑ ሰው የሬቲና ሕዋስ ማብቀል የሚቻል ነገር ሆነ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ግን በ2011 የታየው ነው። ዮሺኪ ሳሳይ የሚመሩት የጃፓን ቡድን የአይጥ ግንደ ሕዋሳትን በተስማሚ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው እንዲያድጉ ተዋቸው። ሕዋሳቱ ተሰባስበው ኳስ ሠሩ፤ ከኳሱ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ወጣ፤ ጉብታው ወደ ውስጥ ታጥፎ ጽዋ ሆነ። በጽንስ ውስጥ ዓይን ሲፈጠር የሚይዘው ቅርጽ ይኸው ነው። በዙሪያቸው የሚያዛቸው ሌላ አካል አልነበረም። ዓይን እንዴት እንደሚሠራ ዕውቀቱ ከራሳቸው ከሕዋሳቱ ጋር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ቡድን በሰው ሕዋስ ደገመው። ዛሬ ኦርጋኖይድ የምንላቸው እነዚህ ጥቃቅን ሬቲናዎች በብዙ ቤተ ሙከራዎች ይበቅላሉ። እንደ ተፈጥሮው ሬቲና ንብርብር አላቸው፤ ዘንግም ሾጣጣም ያበቅላሉ።

ይሁን እንጂ አይቸኩሉም። የአይጥ ኦርጋኖይድ በሳምንታት ይደርሳል፤ የሰው ግን ከግማሽ ዓመት በላይ ይወስዳል። ምክንያቱም የሰው ሕዋስ ሳህን ላይም ሆኖ የሰው ጽንስን የእድገት ሰዓት ይቆጥራል። ቅደም ተከተሉን እንኳ አይስትም። በ2018 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በኦርጋኖይዱ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጡት ሰማያዊ የሚለዩት ሾጣጦች ናቸው፤ ቀይና አረንጓዴ የሚለዩት ቆይተው ይከተላሉ፣ መቀየሪያውም የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑን ቀደም ብሎ በመጨመር ወይም ሥራውን በመከልከል የሾጣጦቹን ዓይነት መወሰን ተችሏል። ይህ ለወንድምዎ ሩቅ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ለማንበብና ፊት ለመለየት የምንጠቀምበት የሬቲናው ማእከል ሾጣጦች የታጨቁበት ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ ስፋቱ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ። ስለዚህ 120 ሚሊዮኑን ዘንግ ሁሉ መተካት አያስፈልግም። በዚያች ስፍራ ትክክለኛዎቹን ሾጣጦች ማኖር ቢቻል ለአንድ ሰው ኑሮው ይለወጣል።

እንግዲህ ማገናኘቱ። በ2006 ለንደን ውስጥ ሮቢን አሊ ያሉበት ቡድን ከአይጥ ግልገሎች ለጋ ብርሃን ተቀባዮችን ወስዶ ወደ ሌሎች አይጦች ሬቲና አስገባ። የሕዋሱ ዕድሜ ወሳኝ ሆኖ ተገኘ፦ መከፋፈሉን ያቆመ፣ ነገር ግን ገና ያልበሰለ ሕዋስ ነው የሚሠራው። በ2012 ደግሞ በጨለማ ማየት የማይችሉ አይጦች ከእንዲህ ያለ ንቅለ ተከላ በኋላ በደብዛዛ ብርሃን መንገድ መለየት ጀመሩ። ሁሉም ሰው ያመነው አዲሶቹ ሕዋሳት ከተወጉበት ቦታ ተጉዘው በነባሮቹ መካከል ገብተው፣ ሥር ሰድደው እንደሚያዩ ነበር። ማስረጃውም የማያጠራጥር ይመስል ነበር። ለጋሾቹ ሕዋሳት አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን እንዲይዙ ተደርገው ነበርና፣ በተቀባዩ ሬቲና ውስጥ በተገቢው ቦታ የተሰለፉ አረንጓዴ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ይታዩ ነበር።

በ2016 ይህ እምነት ተናጋ። የተለያዩ ቡድኖች፣ የለንደኑ ራሱ ጭምር፣ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ አረንጓዴው ሕዋስ በርግጥ የለጋሹ ነው ወይ? ተቀባዩን በሌላ ቀለም ምልክት አደረጉበት፤ የወንድ አይጥ ሕዋስ ወደ ሴት አይጥ አስገብተው የወንድ ክሮሞዞም ፈለጉ። መልሱ አስደነገጠ። በቦታው ከተሰለፉት አረንጓዴ ሕዋሳት አብዛኞቹ የተቀባዩ የራሱ ነበሩ። ለጋሾቹ ሕዋሳት ከሬቲናው ሥር እንደ ተጠራቀሙ ቀርተው፣ ፕሮቲናቸውን ለነባሮቹ አጋርተው ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ተከላ ተብሎ የተነበበው ነገር በአብዛኛው የፕሮቲን ልውውጥ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 በፊት የተጻፉ ብዙ ዜናዎች አሁንም ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ክሊኒኮቹም እነሱን ነው የሚያሳዩት። ደግሞም እነዚህ ተመራማሪዎች የራሳቸውን የተደነቀ ውጤት መርምረው «አልነበረም» ብለው መጻፋቸው ለእኔ በዚህ ሙያ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። ግኝቱ ሁለት በር ከፈተ። አንደኛው፣ ነባሮቹ ሕዋሳት ገና ካልሞቱ ጤነኛ ሕዋስ አጠገባቸው ማስቀመጥ ብቻውን የጎደላቸውን ፕሮቲን ሊያቀብላቸው ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ነባሮቹ ፈጽመው ባለቁበት ሬቲና ውስጥ ልውውጥ ሊኖር ስለማይችል፣ እዚያ የሚገኝ እይታ ካለ ከአዲሶቹ ሕዋሳት የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የጠነከሩት ጥናቶች ሙከራቸውን የሚያደርጉት በእንዲህ ያለ ባዶ ሬቲና ላይ ነው፤ ለጋሽና ተቀባይንም አስቀድመው በማያሻማ ምልክት ይለያሉ።

አዲሱ ሕዋስ ይገናኛል ወይስ አይገናኝም ለሚለው የሚያበረታታ ፍንጭ የመጣው በ2023 ነው። በዊስኮንሲን የዴቪድ ጋም ቡድን ኦርጋኖይዶችን በትኖ ሕዋሳቱን አንድ በአንድ ለያቸው፤ ከዚያ እንደ ገና ሲቀመጡ ግንኙነት ይፈጥሩ እንደሆነ ጠበቀ። ለማረጋገጥ የተጠቀሙበት መሣሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ከነርቭ ወደ ነርቭ የሚሻገረው ሁለቱ በሚነጋገሩበት መገናኛ በኩል ነው፤ ስለዚህ ጉዳት እንዳያደርስ ተለውጦ ሲለቀቅ የግንኙነት መርማሪ ይሆናል። ቫይረሱ ተሻገረ። ከተሻገረባቸው መካከል አብዛኞቹ ብርሃን ተቀባዮች ነበሩ። ይህ ሁሉ የሆነው ሳህን ላይ ነው፤ የታመመ ዓይን ውስጥ ግን ሌሎች እንቅፋቶች ይጠብቃሉ።

ከእንቅፋቶቹ ዋነኛው ራሱ ያረጀው ሬቲና ነው። ብርሃን ተቀባዮቹ ሲሞቱ ባይፖላር ሕዋሳቱ መልእክት ያጣሉ። ቆይተው የነርቭ ክሮቻቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዘረጋሉ፣ ያልነበረ ግንኙነት ይፈጥራሉ። ሬቲናውን የሚደግፉት ሕዋሳት ደግሞ ባዶውን ቦታ እንደ ጠባሳ ይደፍኑታል። አዲስ የገባው ሕዋስ በዚያ ጠባሳ ውስጥ አልፎ፣ ከተቀያየሩት መካከል ትክክለኛውን አጋር ማግኘት አለበት። መልእክቱም ቀላል አይደለም። ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ በጨለማ ያለ ማቋረጥ ኬሚካል ይለቅቃል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነው የሚቀንሰው። ዓይናችን ብርሃንን የሚያውቀው የሕዋሱን ዝም ማለት ሰምቶ ነው ማለት ይቻላል። በግማሽ የተገናኘ ሕዋስ እንግዲህ እይታን ሳይሆን ሁከትን ሊልክ ይችላል።

ሌላው እንቅፋት ከብርሃን ተቀባዮቹ ጀርባ ያለው ቀለም አዘል የሕዋስ ንጣፍ ነው። ብርሃን ተቀባዮቹ ብርሃን የሚይዘውን ጫፋቸውን በየቀኑ አንድ አሥረኛ ያህል ያድሳሉ፤ ያረጀውን እየዋጠ የሚያጸዳላቸው ይህ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ከሌለ አዲሱም ሕዋስ አይኖርም። ብዙ ሰው የሚያምታታውን ዜና የምለየውም እዚህ ላይ ነው፦ በመስከረም 2014 በኮቤ ከተማ ማሳዮ ታካሃሺና ባልደረቦቻቸው ከታካሚዋ የራሷ ቆዳ ያበቀሉትን ሕዋስ የማኩላ እርጅና ላለባት በሰባዎቹ ዕድሜ ለምትገኝ ሴት ዓይን ተከሉ። የተተከለው ግን ይህ ቀለም አዘል ንጣፍ ነበር፣ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ አልነበረም። ተከላው ጸድቆ ቆየ፤ እይታዋም ባለበት ጸና እንጂ አልተመለሰም። ለሁለተኛው ታካሚ በተዘጋጁት ሕዋሳት ላይ የዘር ለውጥ ስለተገኘ ሳይተከሉ ቀሩ። ከግንደ ሕዋስ የተሠራ ነገር ሰው ዓይን ውስጥ ከመግባቱ በፊት እስከምን ድረስ መመርመር እንዳለበት ከዚህ ይገባዎታል። አንዲት ያልተለወጠች ግንደ ሕዋስ ሾልካ ብትገባ እጢ ልታበቅል ትችላለች።

ብርሃን ተቀባዮቹን ራሳቸውን ወደ ሰው ዓይን ማስገባትም ተጀምሯል። በዚያው በኮቤ የሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ በሽታቸው እጅግ ለገፋ ሁለት ሰዎች ከሌላ ሰው ግንደ ሕዋስ የበቀለ የሬቲና ንጣፍ ተተክሎላቸዋል፤ ውጤቱ በ2023 ታተመ። ንጣፉ ለሁለት ዓመት በዓይናቸው ውስጥ ቆየ፣ እጢ አልተነሳም፣ ከባድ ጉዳትም አልደረሰም። የሙከራው ዓላማም ይህንኑ ማየት ነበር። ማንበብ ጀመሩ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አልጀመሩም። በ2025 ደግሞ ብሉሮክ ቴራፒዩቲክስ የተባለው ኩባንያ ከግንደ ሕዋስ የበቀሉ ብርሃን ተቀባዮችን የያዘ፣ ኦፒሲቲ-001 የተሰኘ ሕክምና በአሜሪካ በሰው ላይ መሞከር ጀምሯል። ይህም የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ነው፤ ዋና ጥያቄው ደህንነት ነው።

ስለዚህ «መቼ» ለሚለው፦ ዓመት ቆርጦ የሚነግርዎ ሰው ቢመጣ አይመኑት። የእኔ ግምት ግን ይህ ነው። ሕዋሱ በሰው ዓይን ውስጥ በሰላም እንደሚኖር በሚቀጥሉት ዓመታት ይረጋገጣል። ብርሃንን ከጨለማ፣ እንቅስቃሴን ከጸጥታ የሚያስለይ እይታ ቀጥሎ ይመጣል። ፊት የሚያስለይና የሚያስነብብ እይታ ከሁሉም ዘግይቶ ይደርሳል። ወንድምዎ 27 ዓመቱ ነውና ጊዜ ከእሱ ጋር ነው። ማእከላዊ እይታው ደህና ሆኖ ሳለ የእነዚህ ሙከራዎች ቀዳሚ ተሳታፊ አይሆንም፤ ተከላው ሬቲናውን በፈሳሽ ከሥሩ ማንሳት የሚጠይቅ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ፣ የሚያይን ዓይን ለአደጋ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም። ሙከራው ዛሬ አልቀበልህም ቢለው ጥበቃ ነው፤ እንደ መገፋት አይቁጠሩት።

አሁን ወደ ክሊኒኩ። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሰጠው መርፌ ብዙ ጊዜ የሬቲና ሕዋስ አይደለም፤ ከታካሚው ሆድ ስብ ወይም ከአጥንቱ መቅኔ ተቀድቶ የተጣራ ፈሳሽ ነው። የስብ ሕዋስ ዓይን ውስጥ ስለገባ ብቻ ብርሃን ተቀባይ አይሆንም። ከላይ እንዳየነው የሬቲና ሕዋስ ለመሆን ከግማሽ ዓመት በላይ ትጋትና ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። በመጋቢት 2017 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የማኩላ እርጅና የነበረባቸውን የሦስት ሴቶች ታሪክ አተመ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ባለ አንድ ክሊኒክ ከስባቸው የተዘጋጀ «ግንደ ሕዋስ» በአንድ ቀን በሁለቱም ዓይናቸው ተወጋ፤ 5,000 ዶላር ከፍለው ነበር። ከመወጋታቸው በፊት ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ሬቲናቸው ተላቀቀ፣ ደም ፈሰሰ፣ እይታቸው ወደ ዓይነ ስውርነት ወይም ወደዚያው አካባቢ ወረደ። በእውነተኛ ሙከራ ሁለት ዓይን በአንድ ቀን አይነካም። በእውነተኛ ሙከራ ታካሚ ለሕክምናው አይከፍልም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ጠይቀው ብዙውን ማታለያ ማወቅ ይችላሉ። ደግሞም አንድ ጊዜ ያልተፈቀደ ሕዋስ የተወጋ ዓይን ነገ በሚመጣው ሙከራ ላይ ለመሳተፍ አብዛኛውን ጊዜ ብቁ አይሆንም። ገንዘቡ ቢጠፋ እንኳ ይመለሳል። እኔን የሚያስፈራኝ ወንድምዎ ዛሬ ያለውን ማእከላዊ እይታ ማጣቱ ነው።

«መድኃኒት የለውም» የተባላችሁት በሽታውን ፈጽሞ የሚያስቆም ማለት ከሆነ ለአብዛኛው ታካሚ ልክ ነው፤ የሚደረግ ነገር የለም ማለት ከሆነ ግን ስህተት ነው። ይህ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ዓይን ውስጥ ማኩላ ላይ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል፤ በጠብታ ወይም በሚዋጥ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የዓይን ሞራም ከሌላው ሰው ቀድሞ ይመጣባቸዋል፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሁለቱም እይታን ስለሚቀንሱ «በሽታው ነው» ተብሎ ሳይታከሙ የሚቀሩ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ያሳዝነኛል። ቫይታሚን ኤን በብዛት ከራሳችሁ አትስጡት። ኤቢሲኤ4 የተባለው ዘረ-መል የተበላሸባቸው ሰዎች ላይ ጉዳት ሊያፋጥን ይችላልና፣ ምርመራው ሳይለይ መውሰድ አይገባም።

ዋናው ነገር ይህ የዘረ-መል ምርመራ ነው። ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ አንድ በሽታ አይደለም፤ ከሰማንያ በላይ ዘረ-መሎች ሊያመጡት ይችላሉ። ከነዚህ አንዱ አርፒኢ65 ነው፤ ለእሱ ሉክስተርና የተባለ የዘረ-መል ሕክምና በታኅሣሥ 2017 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የሚሠራው ሕዋሳቱ ገና በሕይወት ሳሉ ብቻ ስለሆነ የወንድምዎ ጉድለት ይህ ከሆነ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም። ካልሆነም ዘረ-መሉን ማወቅ በየትኛው ሙከራ ሊታሰብ እንደሚችል ይወስናል። ዘረ-መሉ የማያስጨንቃቸው መንገዶችም አሉ። በ2021 በታተመ ጥናት፣ በሽታው ከአርባ ዓመት በፊት የታወቀበትና በኋላ የታወረ የ58 ዓመት ሰው፣ ጋንግሊዮን ሕዋሳቱ ብርሃን የሚቀበል ፕሮቲን እንዲያመነጩ ተደርጎ፣ በልዩ መነጽር እየታገዘ ጠረጴዛ ላይ ያለን ደብተር አግኝቶ መንካት ችሏል። አዲስ ሕዋስ ሳይተከል ማለት ነው። የግንደ ሕዋሱ ተከላ ቢዘገይ ሌላው መንገድ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

እስከዚያው ግን በዱላ መሄድን፣ በድምፅ የሚያነብ ስልክ መጠቀምን ገና እያየ ሳለ ይልመድ። ብዙ ቤተሰብ ይህን «ተስፋ መቁረጥ ነው» ብሎ ያዘገየዋል። ሲያይ የለመደ ሰው እይታው ሲጠብ አይደናገጥም፤ ሥራውንም አይተውም።

አሁን ያቆየሁት ጥያቄዎ። የዓይንዎን ሕዋስ መስጠት አይችሉም፤ አስፈላጊም አይደለም። ከእርስዎ ዓይን ሕዋስ መውሰድ ዓይንዎን ይጎዳል፤ የበሰለ ብርሃን ተቀባይ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ለተከላ አይሆንም። ይልቅ አንድ ቱቦ ደም መስጠት ይችላሉ። ወንድምዎ ሲመረመር በዘረ-መሉ ላይ ከአንድ በላይ ለውጥ ሊገኝ ይችላል፤ የትኛው በሽታ እንዳመጣ፣ የትኛው ምንም እንደማያመጣ የሚለየው የእናትና የአባታችሁ፣ የእርስዎም ናሙና ጎን ለጎን ሲታይ ነው። በሽታው የሚተላለፍበት መንገድም በዚያው ይታወቃል፤ ለእርስዎም ለልጆችዎም ያስፈልጋችኋል። ለምርመራ ሲሄድ አብረውት ይሂዱ። ለክሊኒኩ ካጠራቀሙት ገንዘብ ለዚህ ይክፈሉለት።